ሞራ

ሃይፋ፣ ሃዳር ሰፈር፣ ደረጃው መሐል፣
ሴምዮን ሱቁን ዓርብ ጠዋት ከፍቷል።
መስኮቱ ላይ ሌንስ፣ ጥቁር፣ ከባድ ብረት፣
በአሥር ዓመት የሚበልጠኝ፣
«ሦስት መቶ ሼቄል» በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈበት።

ሦስተኛ ዓርቤ ነው እዚህ ስመላለስ፣
አንስቼ ስመዝን፣ አገላብጬ ሳይ፣ አስቀምጬ ስመለስ።

ቀለበቱ ሲዞር እንደ ማር ይሄዳል፣
አይንገጫገጭም፣ ለጣት ይታዘዛል።
ግን በእጅ ባትሪ ከኋላው ሲያበሩ
ከጥግ ተነሥቶ ይታያል እንደ ድር የረቀቀ ክሩ፤
ሻጋታ ነው ይላል የሚያውቅ ሰው ሲያየው፣
ሴምዮን ግን፦ «ሥዕሉ ላይ አይወጣም፣ ተወው።»
ቅጠሎቹ ላይም ዘይት አለ ሲታይ፣
መስታወቱ ቢጫ፣ ውሃ የበዛበት ሻይ።
አስማሚ ቀለበት ሰባ ሼቄል ለብቻው፤
ራሱ አያነጣጥር፣ ሁሉም በእጅ ነው።
የእንጀራዬ ነገር ሰርግ ነው፣ ጭፈራ፤
እስክስታ ቆሞ አይጠብቅም፣ እኔ እስካጠራ።

ይርገዱ እንደሆነች ቁርጥ ነው ነገሯ፣
«አዲሱን ግዛ» ነው ውሎና አዳሯ፤
«በአሥራ ሁለት ክፍያ፣ ከነዋስትናው፤
የስንቱ ዓይን ያደረበትን ዕቃ ቤቴ አታስገባው!»

ዛሬ ግን አባቴን አስከትዬ መጣሁ፣
ደረጃ እንዳይስት እጁን እየያዝሁ።
ማክሰኞ ነው ፋሻው ከዓይኑ የተነሣ፤
ስድስት ወር ወረፋ በኩፓት ሆሊም፣ በፍርሃት ሲጥል ሲያነሣ።
ሞራውን ገፈፉት፤ ከብሌኑ ኋላ፣ ምስር የምታህል
አዲስ ሌንስ ከተቱ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በትክክል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቤቱ ሰላም የለው፤
«ይህ ግድግዳ ኖሯል እንዲህ የቆሸሸው?»
እናቴን አየና «መቼ ነው ያረጀሽ?» አላት፤
ይኸው ሁለት ቀኗ፣ ዞር ብላ ነው የምትበላ እራት።
ባሕሩን አየና ከበረንዳ ቆሞ
«ሰማያዊ ነው ለካ!» አለ፣ ተደምሞ፤
«እኔ እስከ ዛሬ የማውቀው ሻይ የመሰለ ውሃ ነው፣
ማን ነው እንዲህ ያጠበው?»

ሌንሱን ሰጠሁት። አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤
ወደ መንገዱ ብርሃን አቀና፣ አዘነበለ፣
ዝም አለ።
ሴምዮን በሩሲያኛ ስልክ ያወራል፣
ቁልፍ ቀራጩ ጎረቤት ብረት ይሞርዳል።
«ይኼ» አለኝ አባቴ፣ «የኔ ነው፤ ያ ያወጡት፤
ሐኪሙን ጠይቄው ነበር የት እንደሚጥሉት፣
ሳቀብኝ።
እንዲህ ነበር በቃ፣ ቀትሩ ምሽት ምሽት የሚል፣
ነጭ ሸማው ሁሉ ቅቤ የነካው የሚመስል።
አዲሱ ደግ ነው፣ ምርቃት ይገባዋል፤ ግን ገና ምን አየ?
አራት ቀኑ ነው። ግድግዳና ባሕር፣ የእናትህን ኩርፊያ።
አንተን በጨርቅ ተጠቅልለህ ሲሰጡኝ ያየሁህ በዚያ በወጣው ነው፤
ወንድሜንም አፈር ሲመልሱበት፣ በዚያው ነው።»

ቀና አልኩ። ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ያዘው።
እሱ ግን ሌንሱን አገላብጦ፦ «ይኼ ጥግ ላይ ያለው
ምንድን ነው? ሻጋታ? እንግዲህ እኔ አላውቅልህም፣
የኔንም ያወጡት ስለማያሳይ ነው፤ ሐዘን ብለህ ዕዳ አትግባ የትም።»

ሴምዮን ስልኩን ዘጋ፤ ካሜራዬ ላይ ገጠመው፣
«ወሬ አይሸጥም» አለ፣ «ሞክረው።»
አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አነጣጠርሁ፣
ቀለበቱን አዞርሁ፤
ጢሙ ሲጠራ ዓይኑ ጭጋግ ሆነ፣
ዓይኑ ሲጠራ ደግሞ ጢሙ በነነ።
«አትነቃነቅ እንጂ!»
«አንተ ነህ የምትነቃነቀው።»
እውነቱን ነው።

ትንፋሼን ያዝሁና ጠቅ አደረግሁት።
ትንሿ መስኮት ላይ አየነው፣ በአንድነት፦
ሽማግሌ፣ ቢጫ፣ ጠርዝ ጠርዙ የቀለጠ፣
ከማክሰኞ በፊት በነበረ ዓለም ውስጥ የተቀመጠ።

ለሰርግ አይሆንም። ይርገዱም ልክ ናት። ይህን አወቅሁት።
«ሴምዮን፣ ስንት ነበር ያልከኝ?» አልሁት።
አባቴ ጠጋ አለኝ፣ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳይሰማበት፦
«ሁለት መቶ በለው። ሻጋታ አለበት።»