ባትሪ ድንጋይ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ መንደሩ ሳይነቃ፣
ዊብረን ገመዱን ነቀለ፦ «ጠገብሽ፤ በቃ።»
ዳቦ በአይብ ጠቀለለ፣ ቻርጀሩን በካልሲ ሸፈነ፣
ለማንም ምንም ሳይል፣ እንዲያው ዝም ብሎ ጫነ።
ሰባ ሦስት ዓመቱ፤ ቀኝ ጉልበቱ ብረት፣
የቀረው አካላቱ ግትርነት።
ልጁ ዪትስከ ናት ብስክሌቷን የገዛችለት፤
«ለገበያ» ብላ ነበር። ለዳቦ፣ ለወተት።

ሰባ አራት ኪሎ ሜትር፣ ከፍሪስላንድ እስከ ታላቅ ወንድሙ ደጅ፤
አሥራ አንድ ዓመት ያንን በር አላንኳኳውም የእርሱ እጅ።
የአባታቸው ጀልባ ነበረች የጠቡ ሥር፤
ዊብረን ሆስፒታል ተኝቶ በማደንዘዣ ሲሰክር፣
ቲየርድ ሸጣት። ድርሻህ ብሎ የላከውን ፖስታ ዊብረን መለሰ፣
ከስልክ ደብተሩም ላይ አንድ ስም በቀይ ደመሰሰ።
ታዲያ ለምን ዛሬ? ብትሉት፣ «ነፋሱ ከኋላ ነው አሉ» ይላል፤
ሌላም ምክንያት ካለው፣ ከቁርሱ ጋር ውጦታል።

ትንበያው ዋሸ።

አገሩ ዝርግ ነው፣ እንደ ተወለወለ ገበታ፤
አቀበት አያውቅም፤ ነፋስ ነው በእርሱ ቦታ።
እስከ ግድቡ አፍ ድረስ ከለሉት፣ አጥርና በረት፤
ከዚያ ግድቡ መጣ፦ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ባዶነት።
በቀኝ ጨው ባሕር፣ በግራ የታሰረ ጣፋጭ ውኃ፣
መካከል አንድ መስመር፣ ጭው ያለ እንደ በረሃ፤
በጎች ብቻ፣ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው ያመነዥካሉ፣
«ወዴት ነው የዚህ ሰውዬ ጥድፊያ?» የሚሉ ይመስላሉ።

መሪው ላይ ያለች ትንሽ መስኮት አምስት ዘንግ ታበራ ነበር፤
አራት። ሦስት። ያያታል፣ ደሞዙ ያለቀ ሰው ሳንቲም እንደሚቆጥር።
ከውኃው ውስጥ የበቀሉ ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች
ይሽከረከራሉ በእርጋታ፣ እንደ አራጣ አበዳሪዎች፤
ሌሊቱን ሙሉ በገመድ የጠጣችው ያ ሁሉ ጉልበት
ከዚሁ ነፋስ ነበር የተቀዳ፤ ቀን ጠብቆ መጣ ሊያስከፍላት።

ሁለት። አንድ። አንዷም ብልጭ፣ ብልጭ፣

አሥራ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ድንጋዩ አለቀ።
ሞተሩ ዝም። ሰማዩ ዝም። ነፋሱ ብቻ ሳቀ።
አንዲት ወጣት አልፋው ሄደች፣ በተራ ብስክሌት፣ ጎንበስ ብላ፤
«ልጎትትህ?» አለችው። እምቢ አለ፣ እንደ ልማዱ፤ ተጸጸተ ኋላ።
ሞተሯ የተኛ ብስክሌት ሃያ ሰባት ኪሎ ሬሳ ናት፤
እስካሁን እርሷ ገፋችው፤ አሁን ተራው ነው ሊገፋት።
ወርዶ ገፋ፣ ወጥቶ ነዳ፣ ወርዶ ገፋ፣ ወጥቶ ነዳ፤
ብረት ጉልበቱ ሲንቋቋ፣ ደህናው ጉልበት ሲጎዳ።

ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ፤
በየመቶ ሜትሩ ነፋሱ አንድ ቃል እየፈነቀለ፣
መጀመሪያ «ይገባኛል»ን ወሰደ፣ ቀጥሎ «አንተ እኮ»ን፣
ከዚያ የጀልባዋን ዋጋ፣ ከዚያም የሆስፒታሉን ቀን።

ግድቡ ሲያልቅ አፉ ባዶ ነው። እግሩ ይንቀጠቀጣል።
ከደጁ ሲደርስ ጥቁሩን ድንጋይ ከብስክሌቷ ሆድ ያወጣል፤
ያንን የሞተ ባትሪ፣ አራት ኪሎውን፣ ትከሻው ላይ ያነሣል።
በግራ እጁ አንኳኳ።
በሩ ተከፈተ።
ቲየርድ ሸብቷል። መነጽሩ ወፍሯል። ቆሞ ተመለከተ፤
አየው፦ ላብ፣ ጨው፣ የጎበጠ ወገብ፣ በትከሻው ላይ ድንጋይ።
ዊብረን ነፋስ የተወለትን አወጣ፦ «ሶኬት አለህ ወይ?»

ዝም ብሎ መራው። ጓዳ፣ ከማጠቢያው አጠገብ፣ ከታች።
ትንሽ ቀይ መብራት በራች።
ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው አዩዋት።
«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«ከባዶ ተነሥቶ? ስድስት።»
ቲየርድ ወንበሩ ላይ የነበረውን ጋዜጣ አነሣለት።