ውሃ ልክ

ሃያ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ስዘረጋ፣
በሰው ግድግዳ ውስጥ ሌት ተቀን ስተጋ፣
የፎቁን ሆድ ዕቃ፣ የጓዳውን ምስጢር
አውቄው ነበረ ከጣሪያ እስከ አጥር።
ውሃ የቱ ጋ እንዳፈሰ ጆሮዬ ይለያል፤
ገንዘብ ሲያንጠባጥብ ግን ማን ቀድሞ ያያል?

አባይ ማዶ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣
ሁለት መቶ ካሬ ተኝቷል ሣር አብቅሎ።
ካርታው በስሜ ነው። ሊዙም በየዓመቱ
በስሜ ይመጣል፣ አይዛነፍም ሰዓቱ።
አሰብሁ፦ ባለ ሦስት ፎቅ፣
ከታች አራት ሱቅ፣
ከላይ ስድስት ቤት፣ በረንዳቸው ሐይቁን የሚያይ
(ሐይቁ እንኳ አይታይም፤ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮና ሰማይ)።

ባንክ ቤት ወንበር ላይ ፕላኔን አቅፌ፣
ተራ ቁጥር ይዤ፣ ከጠዋት ተሰልፌ፣
ገባሁ። የብድሩ ሹም ልንገርህ ይባላል፤
ስሙን የሰማ ሰው ይነግረኛል ይላል።
አልነገረኝም።
«ልምድ አለህ?» ሲለኝ «ሰባት ሕንፃ» አልሁት።
«የገነባኸው?» አለ። ዝም ብዬ አየሁት።
በሰባቱም ውስጥ ደም ሥሩን እንጂ
አጥንቱን መች ሠራሁት።
«መያዣስ?» «መሬቱ።» መሬቱ ስለው ሣቀ፤
ፕላኔን በአንድ ጣት ከፊቱ አራቀ።
«ሠላሳ ከመቶ ከራስህ አምጣና
የቀረውን ደግሞ እናየዋለን ገና።»

እናየዋለን። ይህች ቃል
ስንት ካሬ ትሆናለች?
ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ትበላለች?

የዓሣ ነጋዴዎቹ እቁብ በሦስተኛው ወር ደረሰኝ፤
አንሙት ባጃጁን ሸጦ «አንዱ ሱቅ የእኔ ነው» አለኝ።
እንጉዳይ ሚስቴ ግን የአንገቷን ወርቅ ይዛ፣
በጣቷ እያሻሸች፣ በዝምታ ተክዛ፣
«ይህ ወለድ የሚሉት» አለች፣ «እናቱ ማን ናት?
ማንም ሳያምጠው ይወለዳል በየሌሊት?
እኛ ስንተኛ እሱ ነው ወይ የሚያድገው?»
መልስ አልነበረኝም። ወርቁን ሰጠችኝ።
በሚዛን ቀላል ነው፤ ኪሴን ግን ከበደው።

መሠረት ቆፍረን አንድ ሜትር ከሰባ ስንደርስ
ዋልካው ማላብ ጀመረ።
ጣና በመንገድ ሳይሆን በመሬት ሥር መጣ፤
ሳይጠራ ገብቶ ከጉድጓዴ ወጣ።
ፓምፕ በሰዓት ኪራይ፣ ቀን ሠራተኛው ቆሞ፣
ኢንጂነሩ ስልኩን ዘግቶ፣ ጠፍቶ ከርሞ፣
የእቁቡ ብር እንደ ጨው ሟሟ።
ማታ ማታ እንቁራሪቱ
ጉድጓዴ ውስጥ ሒሳብ ያሰላል፦
ሃያ፣ ሠላሳ፣ መቶ…

በአራተኛው ቀን ጠርዙ ላይ ተቀምጬ፣
እግሬን ጭቃው ውስጥ እስከ ባቴ አስምጬ፣
ሣቅሁ። ብቻዬን።
ብድር አላውቅ ይሆናል፤ ይህን ግን አውቃለሁ፦
ውሃ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ እሰማለሁ።
ቦይ ቀደድሁ። ድንጋይ አነጠፍሁ።
ፓምፑን ለባለቤቱ መለስሁ።
ከዚያ ግልጹን ላስቲክ፣ የውሃ ልኬን፣
ከጥግ እስከ ጥግ ዘረጋሁ፤
ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ቆመ።
ልምድ አለህ ወይ አላለኝም።

ያን ማታ ፕላኑን መሬት ላይ ዘርግቼ
ሁለት ፎቅ ሰረዝሁ፣ በእርሳስ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ።
ሁለት ሱቅ፣ ሁለት ቤት። በረንዳው ቆርቆሮውን ይይ።
ባለ መድኃኒት ቤቷ ድንቅነሽ የዓመት ኪራይ ቀድማ ከፈለች፤
«ጉድጓድ ነው የምከራየው?» ብላ ቀለደች።

ልንገርህ ሊያይ መጣ። የተወለወለ ጫማ።
አንዱን ዋልካው ያዘበት።
ላስቲኩን አየ፣ ደረቁን ጉድጓድ አየ፣ እኔን አየ።
«ልንገርህ…» አለኝ፤
ስሙን ይሁን ነገሩን፣ ለአፍታ ግራ ገባኝ፤
«ያኔም ፎቁ ነበር የበዛው።»
ብዕሩን አወጣ። መልሶ ኪሱ ከተተ።
ላስቲኩ ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ
ቀስ እያለች ወደ ላይ ስትወጣ
ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅናት።