ጥማድ

የሥራ ቦታዬ ግራው ቀፎ ነው፤ ከውኃው መስመር በታች፣
መስኮት በሌለበት፣ ጣና በብረቱ ማዶ ጎኔን እያንኳኳች።
ቀፎ ብሎ የሰየመው ሰው ነገር ገብቶታል መሰለኝ፣
ማር አልቆረጥኩበትም እንጂ ንቡስ ሌት ተቀን ጮኸብኝ።

ሁለት ቀፎ ናት ጀልባችን፤ መሐሉ ነፋስ የሚያልፍበት ባዶ፣
ልክ እንደ ጥንድ በሬ፣ ባንድ ቀንበር እንደሚሄድ ተጠምዶ።
አባቴ ይልማና ዴንሳ ላይ ቦራና ዳልቻ ሲጠምድ፣
የግራው ከሰነፈ ትልሙ ይሄድ ነበር ገደድ ገደድ።
እኔም ያው ነኝ፤ የግራው ሞተር እንዳይሰንፍ እጠብቃለሁ፣
ዘይት ባጠቆረው መዳፌ ትከሻውን እየዳሰስኩ አለሁ።
ልዩነቱ ይኸ ነው፦
ስድስት ዓመት አረስን፤ አንድ ትልም አልቀረም፣
ዞር ብለው ቢያዩት ውኃ ነው፤ ተዘርቶበት አያውቅም።

ከባሕር ዳር ስንነሳ አሥራ ሁለት ሰዓት ገና አልሞላ፣
አንማው መሪውን ይዟል፤ ውዲቱ ትኬት ትቆርጣለች ከኋላ።
ለዘጌ ሃያ ደቂቃ፣ ለደቅ አርባ፣ ለቁንዝላ ሰዓት ከሩብ፤
«በአሮጌዋ መርከብ» ይላሉ ሽማግሌዎች፣ «ቀን ሙሉ ነበር ስንራብ።»
ማንጎ በከረጢት፣ የነርስ ተማሪ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው፣
አንድ ቀን ደግሞ ሙሽራ፣ ነጭ ጫማዋን የደቅ ጭቃ የነከሰው።
እኔ ፊታቸውን አላውቅም፤ ከአናቴ በላይ ኮቴ ነው፣
ነጋዴው ይጣደፋል፣ ክስ ያለበት ይዘገያል፤ ይታወቀኛል ስሰማው።

ታንኳ ቀዛፊው እንድሪስ ግን መልኬን ሳያይ ይጠላኝ ነበር፣
ከደንገል ያሰራትን ታንኳ ማዕበላችን ሲያንገላታት፣ ዓሣው ሲበተን ከመረቡ ሥር።
አንድ ጊዜ ገለበጥነው። አንማው አላየም፤ እኔ መች አያለሁ?
ውዲቱ ነገረችኝ፦ ውኃ እየተፋ፣ መቅዘፊያውን አንስቶ፣ «ቆዩኝ፣ አገኛችኋለሁ!»

ከዚያ መስከረም መጣ። እንቦጩም።

ዘጌ ልንደርስ ስንል ነፋሱ ዞረ፤ አረንጓዴው ምንጣፍ መጣ፣
መምጠጫው ሥሩን ዋጠ፤ ሞተሬን ትን አለው፣ አሳለ፣ ጭስ አወጣ።
የቀኙ ብቻውን ሲጎትት ባለንበት ዞርን፣
እንደ ደነበረ ወይፈን በገዛ ቀንበራችን ተጠመዘዝን።
ማጭድ ይዤ ወረድኩ፤ የአባቴ ነው፣ ከመፍቻ ጋር የማኖረው፤
አረም ሸሽቼ መካኒክ ሆንኩ፤ ለካ አረም ቀድሞኝ ጣና ሲጠብቀኝ ነው።
ባጭደው ባጭደው አያልቅም። መሸ። ሰማንያ መንገደኛ ጸጥ፣
አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅሳል፤ የስልክ መብራት ውኃው ላይ ቅልጥ።

በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ መቅዘፊያ ሰማሁ።
ቀጥሎ ድምፅ፦ «ገመድ ወርውሩ።»
«ጥርጊያውን አውቀዋለሁ፤ ነፋስ የተወውን ቀጭን መንገድ፣
ቀኙን ሞተር አስተኙት፤ ብቻ በእርጋታ ይራመድ።»
ተከተልነው። በሰዓት ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር የምትበር፣
እንደ ዕውር በሕፃን እጅ፣ ከደንገል ታንኳ ኋላ ስትመራ ነበር።

አንማው ኪሱ ሲገባ እንድሪስ ብሩን አላየውም።
«በአጠገቤ ስታልፉ ቀስ በሉ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ዘጌን አለፍ ስንል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፤
መስኮት የለኝም፤ እጄን ሞተሩ ላይ ሳደርግ ግን «እንድሪስ ነው» ይለኛል።
መንገደኛ ያጉረመርማል፤ ሁለት ደቂቃ ተሰረቅሁ ይላል፣
እኔ በዚያች ሁለት ደቂቃ ጆሮዬ ያርፋል።

ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ድምፁ ዝቅ አላለም።
ከላይ «ቀደምን፣ ደረስን» ይላሉ፤ ውዲቱን ልጠይቃት ብዬ... አልጠየቅኋትም።

እጄን ሞተሩ ላይ እንዳደረግሁ ነኝ።