አሥራ ሦስት ዱላ

ጋሽ እንየው ሲመጣ ከረጢቱን አዝሎ፣
ሰፈሩ ይሥቃል ሕፃን አስከትሎ፦
«ዱላው አሥራ ሦስት፣ ጠላቱ አንድ የለም፤
እንዲህ ያለ ጠበኛ አላየንም በዓለም!»
እሱ አይመልስም።
ከኔ ሱቅ ደጃፍ፣ ከተገለበጠ ብስክሌት ጎን
ከረጢቱን ያቆማል፣
እንደ ሰከረ ዘመድ
በግንባሩ እንዳይወድቅ ደግፎ በመንገድ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ሲያስፈትል የኖረ፣
ከማሽን ጩኸት ሥር ጆሮውን የቀበረ፣
ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ ከሐራጅ ገብቶ፣
መንገድ ሠሪ ድርጅት ጥሎት የሄደውን
በአንድ ጋቢ ዋጋ ገዝቶ፣
«ምን ሊሆን ነው?» ብትል ሚስቱ እማማ ትሁኔ፣
«ብረት የለመደ እጅ፣ የት ልጣለው እኔ?»

ልምምዱ ባሕር ሸሽ፣ ሐይቁ በበጋ ጥሎት በሄደው፣
ሽምብራ ሳይዘራ፣ ገበሬው ተለምኖ በፈቀደው።
ጉድጓድ የለ፣ ባንዲራ የለ፤
አንድ የከብት ካስማ፣ እሷም ያዘመመች፣
ነክቷት አያውቅም፤ ኳሱ ግን ስንት ጉማሬ ቀሰቀሰች!
አሥራ አራት ነበሩ፤ አንዷ ከእጁ አምልጣ ሐይቅ ገብታለች፣
ዓሣ አጥማጁ ፈንታ ይምላል፦ «ደንገሉ ሥር ታበራለች»።

ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው።
«መምታትማ ምን አለ፣ አህያ ነጂም ይመታል፤
ሰው የሚለካው ማታ ነው፣ ዱላውን እንዴት ያስተኛል?»
ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ሳሙና በጣት ጫፍ፣
«ብረቱ ብቻ ይጠመቅ፤ ከአንገቱ አትለፍ!»
የእንጨት ራስ ያላቸውን ሦስቱን ሳፋ አያሳያቸውም፤
«ባልቴት ናቸው፤ እርጥብ ጨርቅ እንጂ መዘፍዘፍ አይስማማቸውም።»
እኔ ከጣሳዬ የተሰበረ ራጂ አነሣለሁ፣
ጫፉን ሞርጄ፣ በብረቱ ፊት መስመር ለመስመር እሄዳለሁ፤
ጥቁር የጣና ጭቃ እንደ ክር ተመዝዞ ይወጣል፣
እሱ ያን ሲያይ፣ ከነአቧራው ፋብሪካው ይመጣል፦
ባዘቶ፣ ማግ፣ ድውር...
ከንፈሩ ይነቃነቃል፣ ድምፅ ግን የለውም፤
አልጠይቀውም።
እጀታው ጥላ ላይ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላስቲክ ትሰነጥቃለች፤
ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት፣ አንዲት ጠብታ፣
እሷም በጥጥ ተሽታ ታልቃለች።

በግንቦት ማለቂያ፣ ዝናብ ከሜዳ ያባረረው ዕለት፣
«ዛሬ አንተ እጠብልኝ» አለ።
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርድ መስሎኝ ናቅሁት።
«እሺ» አልኩት።
ከጎማ ክምር ኋላ ከረጢቱን ጣልኩት።

ወባ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን አልጋ ያዘ።
እኔ ጎማ ስለጥፍ፣ ካቴና ሳጠልቅ፣ «ነገ» ስል፣ ነገ ስንቴ ነጋ፤
ረሳሁ አልልም፤
በየማታው አይቼዋለሁ፣ ቆልፌ ስዘጋ።

በሰኔ ሐይቁ ተመልሶ የሜዳውን ጫፍ መላስ ጀምሯል፤
እሱም መጣ፤ ሱሪው ሰፍቶት፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል።
ከረጢቱን ሲፈታ መሬት መሬት አየሁ።
ዝገት ነበር፤ እሱስ ይጠበቃል።
ዘጠኝ ቁጥሯ ላይ ግን፣ ከአንገቷ ሥር፣ ከደረቀው ጭቃ፣
ሰርዶ አቆጥቁጧል፤
ነጭ ክር፣ ማንም ሳይጠራው በጨለማ የነቃ።

ስድብ ጠበቅሁ።
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፤
«ስንት ዓመት መሬቱን ስመታው ከረምኩ፤
ይኸው፣ ተራው ደረሰና መለሰልኝ» አለ።
ራጂውን ከእጄ ወስዶ፣ ሰርዶውን ከነአፈሩ ፈልቅቆ፣
በባዶ የግሪስ ቆርቆሮ አኖረው፣ በሁለት ጣቱ ጠቅጥቆ።
ከዚያ ሳያየኝ፦ «በል፣ ውሃ አሙቅ።»

እስኪመሽ አጠብን። ዝገቱ በአመድ ለቀቀ፤
የዘጠኝ ቁጥሯ ግን፣ ጥፍሬን የምታህል ቡናማ ነጥብ፣
ብፈትጋት ብፈትጋት አልሄድ አለች፤
«ተዋት» አለኝ፤ እስከ ዛሬ አለች።

ሰርዶው ቆርቆሮውን ሞልቶ፣ አሁን ወደ ጎማ መንፊያዬ ይሳባል፤
ማንም ውሃ አያጠጣውም።
የሳፋው እጣቢ ግን፣ በየማታው፣ ወዴት እንደሚደፋ ያውቃል።