መጥቷል

ውሃ እኛ ሰፈር ይመጣል እንደ ሌባ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮቴውን አጥፍቶ ግቢ የሚገባ፤
ከፒያሳ ጓሮ ቁልቁለቱን ይዞ፣
በስድስት ግቢዎች ደጃፍ ስር ተጉዞ፣
ጎህ ሳይቀድ ይሄዳል፤
ያልነቃ ሰው ባሊው እንዳፈጠጠ ይውላል።

ጋሽ ምንዳዬ ግን ይጠብቀዋል።
ሰላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውሎ፣ የሰው ስህተት ሲለቅም፣
እንቅልፍ ዐይኑ ውስጥ ቤት ሠርቶ አያውቅም።
ቧንቧው ሁለት ጊዜ አየር ያስነጥሳል፣
ቀጥሎ እንደ አጫሽ ሰው ይስላል፣
ቡኒ፣ ክር የሚያክል ውሃ ብቅ ይላል፤
ያኔ ጋሽ ምንዳዬ ስልኩን ከጋቢው ስር ያወጣል፣
በአንድ ጣት፣ ፊደል ከፊደል እየለየ ይጽፋል፦
«ውሃ መጥቷል።»

ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ የአበባ ሥዕል የለው፣
አራት ነጥቡን ግን አንድም ቀን አልረሳው።

የሰፈሩ ቴሌግራም ሁለት መቶ አስራ አራት ሰው አለው።
ሲስተር ኑሪያ ማታ ማታ የአራስ ጥያቄ ትመልሳለች፣
ይርገዱ የጠፋ ድመቷን ፎቶ ትለጥፋለች፣
ዋሲሁን መብራት ሲጠፋ ጥፋቱ የየትኛው ምሰሶ እንደሆነ ያውቃል፣
አንዱ ወድቆ ያገኘውን መታወቂያ ይዞ ባለቤቱን ይጠይቃል።
እኔ?
እኔ አነባለሁ።
ሦስት ዓመት አነበብኩ፤ ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ስም ብቻ፣ ያለ ፎቶ፣
እድር ድንኳን ገብቶ፣ ንፍሮውን በልቶ፣
መዋጮ ሲጠራ ጎንበስ ብሎ ጫማ እንደሚያስር ሰው።
ቀን ቀን ሥራዬ የሰው ወረቀት ማባዛት ነው፤
አራት ኪሎ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሺህ ገጽ አውጥቼ እውላለሁ፣
የራሴን አንድ መስመር ሳልጨምር አመሻለሁ።
«መጥቷል» ሲል እነሳለሁ፤ ሁለት ባሊ፣ ሦስት ጀሪካን
ሞልቼ እተኛለሁ። ምስጋና? ለማን?
ውሃው ራሱ የሚጽፍ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ እንቅልፍ ጠግቤ ነቃሁ።
ደነገጥኩ፤
እኛ ሰፈር እንቅልፍ መጥገብ መልካም ወሬ አይደለም።
ይርገዱ ባሊዋን እንደታመመ ልጅ ታቅፋ
ቧንቧው ስር ቆማለች።
«መጥቶ ሄደ» አለች። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።
አንኳኩቶ፣ አንኳኩቶ፣ የሚከፍትለት ሲያጣ፣
ወደ ታች ወርዷል፣ እሪ በከንቱን ሊያጠጣ።

ስልኩ ውስጥ ጥያቄ ዘነበ፦
«ውሃ አለ?» «መጣ እንዴ?» «ማን አየ?»
ሁሉም ጠያቂ፣ መላሽ የለ።
«ጋሽ ምንዳዬስ?» ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩ።
ወደ ማታ ነው ልጁ ማኅደር የጻፈችው፦
«አባዬ ደረጃ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ተኝቷል።
ስለ ውሃው ይቅርታ ጠይቂልኝ ብሏል።»

ይቅርታ።
ማሽኔ ውስጥ እንደተጣበቀ ወረቀት
አላልፍ አለችኝ ያቺ ቃል።

ሌሊት ስምንት ተኩል ላይ ወረድኩ።
የጊዮርጊስ ደወል ገና ነው፤ ውሻው አንድ ዐይኑን ገልጦ ናቀኝ።
ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ጋቢ ረስቻለሁ።
ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቧንቧው አስነጠሰ። ዝም አለ።
ጣቴ ፊደሉ ላይ ቆመ።
አየር ብቻ ቢሆንስ? ሰፈሩን በባዶ ባስነሳስ?
ሲስተር ኑሪያ ከተረኝነት መግባቷ ነው፤
የይርገዱ ጉልበት ያማታል፣ ደረጃዋ ሃያ ሁለት ነው።
ጋሽ ምንዳዬ በየሌሊቱ ይህን ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ኖሯል ለካ፤
ሁለት ቃል አይጽፍም ነበር፣ ውሃውን በጣቱ ሳይነካ።

ሳለ። ክሩ ወፈረ። ነካሁት።
ጻፍኩ፦ «ውሃ መጥቷል»

ከማዶ አንድ መስኮት በራ። ከዚያ ሌላ።
ባሊ ከባሊ ተጋጨ፣ ነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደ፣
«ማን ነው ዛሬ የጻፈው?» ተባባሉ፤
ተራዬን ይዤ ዝም አልኩ።

ሁለተኛውን ጀሪካን ስሞላ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።
ጋሽ ምንዳዬ ነው፤ ከሆስፒታል አልጋ፣ በአንድ ጣት፣
ከኔ ቃል ስር፣ የረሳሁትን ብቻ፦
«።»