ሃያ ሰባት ሽምብራ

ባለፈው ቅዳሜ ዳይስ ነበር ያጣላን፤
ለአንዱ አንበሳ ወለደ፣ ለሌላው ጫጩት ሰጥቶ አስከፋን።
ዛሬ ግን በዕድል ፈንታ ሚዛን ያዝሁ፤
ከታች ካለው ሱቅ የተቆላ ሽምብራ ገዛሁ፣
ለእያንዳንዳቸው ሃያ ሰባት ፍሬ ቆጠርሁ።

«ሀብታችሁ ይኸው፤ ለስድስት ነገር አካፍሉት፦
ለጉልበት፣ ለቅልጥፍና፣ ለጽናት፣
ለዕውቀት፣ ለማስተዋል፣ ለግርማ፤
የማንም ጀግና እንዳይበልጥ፣ ማንም ማንንም እንዳይቀማ።
ሁሉም ከስምንት ይነሣል፤
እስከ አስራ ሦስት አንዱ እርከን በአንድ ፍሬ ይገዛል።
ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፤ አንዷ እርከን ሁለት ትበላለች፣
አስራ አምስት ላይ ትቆማለች።»
ቀጭ! ዘመናይ አንዷን ቆረጠመች።
«ነጥብሽን በላሽው!» ብንላት፣
«ከጽናቴ ቀንሱልኛ!» አለች።

ክፍሌ ባሕር ዳር ናት፤ ከባሕር ዳርም ዳሩ ላይ፤
መስኮቷ ሲከፈት የዓሣ ሽታ ይገባል፣ ትንኝ ይገባል፣ ትንሽ ሰማይ።
ማዶ አንዲት የደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭና መጣች፣
ወደ ግራ ዘመመች።
ቀዛፊው ሸክሙን አልነካም፤
ፈቀቅ ብሎ በቀኝ በኩል ተቀመጠ፤
ቀና አለች።
አየሁት እንጂ አላስተዋልሁትም።

ታዘባቸው ዓሣ ሻጭ ነው፤ ሚዛን የት እንደሚዋሽ ያውቃል፣
የትኛው ድንጋይ እንደሚጎድል፣ አውራ ጣት የት እንደሚያርፍ ያውቃል።
ሽምብራውን በሦስት ከመረ፤ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፤
ሦስቱን አስራ አምስት፣ ሦስቱን ስምንት አድርጎ ሳቀብኝ።
«አምባዛና ቆሮሶ በኪሎ እኩል ናቸው፤
ድስት ነው የሚለያቸው» አለኝ።
ደንቡ የኔ ነው፤ ምን ልበለው?

ዘመናይ ደግሞ አዝማሪ ሆነች፤
ግርማን ግን በስምንት ተወች።
«ያለ ግርማ አዝማሪ? ማን ይሸልምሻል?» አልኋት።
«ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ባንኩ መስኮት ላይ ፈገግ ስል ነው የዋልሁት፤
ጉንጬን አሞኛል።
ይቺኛዋ ታኩርፍ፣ ይለፍላት!»

ጥሩሰው መጨረሻ ቀረ።
የሲሚንቶ አቧራ ከቅንድቡ አልለቀቀም፤
ፍሬዋን በጣቱ ይገፋል፣ ይመልሳል፤ አይፈጥንም።
ለዕውቀት ሰጠ፤ ለማስተዋል ጨመረ፤
ለጉልበት ያሰመርሁለት ቦታ ባዶውን አደረ።
«ስምንት? አሥር እንኳ ብታደርገው ምናለ?
በር መግፋት አለ፣ ድንጋይ ማንሣት አለ፣
ጎርፍ መሻገር አለ...»
«ጉልበቱን» አለኝ፣ «ቀን ይዤው እውላለሁ።
ማታ እንኳ ልረፈው።»

ያን ጊዜ ነው ሚዛኑን ያየሁት።
ወረቀቱ አንዱ ሳህን ነው፤
ሌላኛው ሳህን ወንበር ስቦ ተቀምጧል፣
ጫማውን አውልቆ፣ ሽምብራ እየቆረጠመ።
ለካ ግማሹን ነበር ስመዝን ያመሸሁት።

ገባን ወደ ጨዋታው፤
ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በር፣
ጉማሬ ወደሚጠብቀው ግምጃ ቤት።
ታዘባቸው መታ፣ ሳተ፣ መታ፤
ዘመናይ አኮረፈች፤
ጉማሬው ተኛና አንኮራፋ።
በኩርፊያ የተረታ ጉማሬ በደንቡ ውስጥ የለም፤ እኔ ግን ፈቀድሁ።

መውጫውን አንድ ጆንያ ዘግቶታል።
ተራው የጥሩሰው ነበር።
ዳይሱን በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ ለቀቀው፤
ከጠረጴዛው ጠርዝ ደርሶ ተመለሰ፤ አራት።
ከአራት ላይ፣ ስለ ጉልበቱ ማነስ፣ አንድ ይቀነሳል፤ ሦስት።

«አልተነቃነቀም» አልሁት፣ እያዘንሁለት።
ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ።
ከዚያ ትከሻው፣ ያ ትከሻ፣ በሳቅ ይርገፈገፍ ጀመር፤
ወንበሩን ደገፍ ብሎ እግሩን ዘረጋ።
«እንግዲያ» አለ፣
«ሌላ ሰው ያንሣው።»