ባሕሩን ሳቀና

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ፣ ሁሉም የዚያ ቀን ናቸው፤
ምድጃው ዳር ቁጭ ብዬ፣ ሌሊቱን ሳያቸው
ዝናቡ ጣራዬን ያንኳኳል እንደ እንግዳ።
አልከፍትም፤ ሥራ አለኝ፣ የገባሁት ዕዳ፦
ቃል ሰጥቻለሁና ለወንድሜ ለሮሳሜል፣
ደቦው ላይ ላልዋለ፣ መርከብ ላይ ለሚውል።

በኛ በቺሎኤ ሰው ብቻ አይደለም የሚሄድ፤
ቤትም ይነሣል ከነመስኮቱ፣ ይወርዳል በመንገድ።
ጎረቤት ይጠራል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ግንድ ይነጠፋል፣
ያረጀ ቤት በሰው ጫንቃ አገር ያቋርጣል፣ ያልፋል።
ዶን ኤሊሴዮ ሸጠው። ገዢው ማዶ ነው፣ ከወሽመጡ ባሻገር፤
የባሕሩን ሙላት ጠብቀን ለቀቅነው፣ በሁለት ጀልባ ሊሻገር።

እመርጣለሁ።
ዐይኑን የጨፈነ ሰው፣ አጠፋለሁ።
የበሬ ቂጥ ብቻ የሞላበት (ስድስት ነው!) አጠፋለሁ።
ቄሱ በድንች ቂጣ ጉንጫቸው አብጦ፣
ይህችን አስቀምጣለሁ፤
ለክፉ ቀን ትሁን፣ ሳቅ የጠፋ ዕለት።

ኖልቤርታ ደወለች፦
«ገመድ ስስብ አንሥተሽኛል አሉ፤
ወገቤን ቀንሺልኝ፣ ታውቂበታለሽ» አለች።
«ገመዱም አብሮሽ ይቀጥናል» አልኳት። ዝም አለች።
«እንግዲያው ተዪው፣ ይበጠስና ቤቱ ይሰምጣል» ብላ ስልኩን ዘጋች።

አሁን መከራው።
በአንድ እጄ ገመድ፣ በአንድ እጄ ስልኬን ይዤ ያነሣሁት ሁሉ ጠማማ፤
ባሕሩን ሳቀና ቤቱ ያጋድላል፣
ቤቱን ሳቀና ባሕሩ ይፈስሳል፣
እስከ ምንጣፌ ድረስ የሚመጣ ይመስላል።
ግማሽ ሌሊት በአንድ ጣት፣ ጥቂት ወዲህ፣ ጥቂት ወዲያ፤
በመጨረሻ፣ ቤቱ ያጋድል አልኩ።
ድሮም ዘመም ያለ ነበር፣ የአሥር ልጅ መኖሪያ።

ሰማዩንም ነካሁት፣ ትንሽ ብርሃን ልስጠው ብዬ፤
ወዲያው ሰማያዊ ሆነ፣ የሌላ አገር፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ሰማይ።
ያን ቀን ግን ዘንቧል። ልብሳችን ሦስት ቀን አልደረቀም።
ግራጫውን መለስኩለት።

ከዚያ አንዷ አለች።
ሰው ሁሉ ወደ ውኃው፣ ወደ ቤቱ ዞሮ ሲጮኽ፣ ሲያፏጭ፣
ዶን ኤሊሴዮ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ፣
የሚያየው መሬቱን ነው፤ ቤቱ የነበረበትን፤
አራት ማዕዘን፣ ገርጣ ያለ፣ ፀሐይ ያላየው አፈር፣
መሐሉ ላይ አንድ ማንኪያ።
ደብዝዛለች፤ እጄ ተንቀጥቅጧል።
ላጠራት ብሞክር ፊቱ እንደ አሸዋ ይበተናል።
ተውኳት። እሱም ያን ሰዓት ጠርቶ አልታየው ይሆናል።

አሥራ አንድ ቀሩ። ካፖርቴን ደርቤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት፤
ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ከደወሉ ሥር፣ ክንድን ወደ ላይ በመዘርጋት።
አንዱ ሄደ። ሁለተኛው ሄደ። ሦስተኛው እያዘገመ
ጣራው ደረሰ፣ መስኮቱ ደረሰ፣ በሩ ላይ ሲሆን ቆመ።
በሬ የለ፣ ሰው የለ፤ «በል! ሳብ!» አልኩ በሹክሹክታ፤
አንድ ውሻ መለሰልኝ ከወዲያ፣ ከነኖልቤርታ።

ሊነጋጋ ሲል ሮሳሜል ጻፈ፦
«ሁሉንም አየሁ፤ ክንዴን አመመኝ፣ የሳብኩ ያህል።
አንቺስ? አንዱም ላይ የለሽም።»

እዚያው ቆሜ ከፈትኩ። ስምንተኛዋ ላይ፣ ከግራ ጥግ፣
ቆርጬ የጣልኩት ነገር ነበር፤
አውራ ጣቴ። ወፍራም፣ ገመድ የላጠው፣
ሌንሱ ላይ ሳላውቀው የተጋደመ።
ዳርቻዋን መልሼ ዘረጋሁ፣ ጣቴ ገባ፣
የባሕሩን ሩብ ሸፈነ።
እንዲሁ ላክሁለት፣ ከሥሯ ምንም ሳልጽፍ።
ይህችኛዋ ሳትጎተት ሄደች።
ጓንቴን ደወሉ ሥር ረስቼ ወረድኩ።